ሴቪያ ለሦስት ቀን፦ የት ማደር፣ ምን መብላት ይሻላል?

ሦስት አራት ቀን ስፔን ቆይቶ መመለስ የሚፈልግ ሰው ሲያማክረኝ ከማድሪድም ከባርሴሎናም በፊት የምጠራለት ሴቪያን ነው። በኳስ ቡድኗ ምክንያት እኛ «ሴቪላ» የምንላት፣ ባለቤቶቿ ግን ሴቪያ የሚሏት የደቡብ ስፔን ከተማ ናት። ሩጫ የሚወድ ሰው በ1999 እ.ኤ.አ. የዓለም ሻምፒዮና ኃይሌ ገብረ ሥላሴም ጌጤ ዋሚም በ10,000 ሜትር ወርቅ ያጠለቁባት መሆኗን አይረሳም። ዳገት የላትም፤ ትልልቅ ቅርሶቿ በእግር የሚደረስባቸው ናቸው፤ ምግቧም ለጿሚ ሰው ሳይቀር ይሆናል።

እስካሁን ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ፦ አንዴ ከጓደኞቼ ጋር፣ አንዴ እናቴን ይዤ በሁዳዴ፣ አንዴ ብቻዬን በነሐሴ ሙቀት። ሦስቱንም ጊዜ ያረፍኩት የተለያየ ሰፈር ነው። ብዙ ሰው መኝታውን በዋጋ አወዳድሮ ይይዝና «ምግቡን እዚያው ስንደርስ እንፈልጋለን» ይላል። ሴቪያ ላይ ይህ አያዋጣም። እዚህ ወጥ ቤት ለምሳ የሚከፈተው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል። ለእራት ደግሞ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል በፊት የሚያበስል ማግኘት ያስቸግራል (ሰዓቱን ሁሉ በኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በመካከል ያለው ጊዜ የዕረፍት ነው። ስለዚህ ማረፊያችሁ ከቀኑ ሙቀት የምትሸሸጉበት፣ ማታ በልታችሁ በእግራችሁ የምትገቡበት፣ ግን ሌላው ሰው እየበላና እየተጫወተ ሲያመሽ ድምፁ የማይደርስበት መሆን አለበት። ሦስቱን አንድ ላይ ማግኘት ቀላል አይደለም። ሰፈሮቹንም የማወዳድረው በዚህ ነው።

ሳንታ ክሩዝ፦ ሁሉም ነገር ደጃፍ ላይ

ከጓደኞቼ ጋር ስንሄድ ያለ ብዙ ክርክር የተስማማነው በሳንታ ክሩዝ ነው። ስሙ «ቅዱስ መስቀል» ማለት ነው፤ በመካከለኛው ዘመን የአይሁዶች ሰፈር ነበር። ካቴድራሉ፣ ሂራልዳ የሚባለው ግንብና የአልካሳር ቤተ መንግሥት ከበር ላይ ናቸው። ሂራልዳ ድሮ የመስጊድ ሚናራ ነበር። ውስጡ በደረጃ ፋንታ 35 ተዳፋት ስላለው (ሙአዚኑ በፈረስ እንዲወጣ ታስቦ ነው ይባላል) ጉልበቱን የሚያመው ሰው እንኳ ቀስ እያለ ይወጣዋል፤ ደረጃ የሚገጥመው ጫፉ ላይ ብቻ ነው።

የዚህ ሰፈር ውበቱ ማለዳ ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ብትወጡ መንገዱ ታጥቦ ገና አልደረቀም፤ በመጋቢት ከሆነ የብርቱካን አበባ ሽታ ግድግዳውን ተከትሎ ይመጣል። ዛፉ ላይ ያለውን ብርቱካን ግን ቆርጣችሁ አትቅመሱ፤ ለማርማላታ የሚሆነው መራራው ዓይነት ነው። አንዳንዱ መተላለፊያ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ጥበቱ ፀሐይ እንዳትገባ ነው፤ ሐምሌ ላይ ውስጡ ስትገቡ ልዩነቱን ቆዳችሁ ያውቀዋል። አራት ሰዓት ሲሆን ባንዲራ የያዙ አስጎብኚዎች ቡድን ቡድን ሆነው ይገባሉና ያ ጸጥታ እስከ ማታ አይመለስም።

ያረፍነው በአፓርታማ ነበር። ታክሲው መግባት ስለማይችል ዳር ላይ አወረደን። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ አራት ሻንጣ በድንጋይ ንጣፍ ላይ ስንጎትት የጎማው ድምፅ ሰፈሩን ቀሰቀሰ፤ አንዲት ሴት መስኮት ከፍታ አየችን፤ ምንም ሳትናገር ዘጋችው። በሩ ላይ ያለው የቁልፍ ሣጥን በተላከልን ቁጥር አልከፈትም አለ፤ ባለቤቱ ስልክ እስኪያነሳ አርባ ደቂቃ ቆምን። ሲከፈትልን ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰር የለውም። ፎቶው ላይ ሁሉም ነገር ያምር ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የሴቪያን መኝታ ስይዝ ከዋጋው በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፦ ታክሲ እስከ በሩ ይደርሳል ወይ? አሳንሰር አለ ወይ?

ስለ ምግቡ፣ ማቴኦስ ጋጎ በሚባለው መንገድና በዙሪያው ጥሩ ቤቶች አሉ፤ ግን ከመጥፎዎቹ ጋር ተቀላቅለው ነው ያሉት። ደጃፍ ላይ የምግብ ፎቶ የተለጠፈበት ሰሌዳ፣ በስድስት ቋንቋ የተጻፈ ሜኑ፣ «ግቡ ግቡ» የሚል አስተናጋጅ ካያችሁ እለፉ። ፓኤያ የሚባለው የሩዝ ምግብ የቫሌንሲያ ነው፤ ሴቪያ ላይ ለጎብኚ ተብሎ የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ ተዘጋጅቶ የመጣ ነውና ገንዘባችሁን አታጥፉበት።

የኔ ፍርድ፦ ለአንድ ወይም ለሁለት ሌሊት፣ ከተማዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያይ፣ ቀትር ላይ ወደ ክፍሉ ተመልሶ ጎኑን ማሳረፍ ለሚፈልግ ሰው ሳንታ ክሩዝ ጥሩ ነው፤ እሱም አሳንሰርና እንግዳ ተቀባይ ባለው ሆቴል። ከዚያ በላይ ለሚቆይ ሰው ግን ዋጋውም ግርግሩም ይሰለቻል።

ትሪያና፦ ሰው የሚኖርበት ሰፈር

ትሪያና ከወንዙ ማዶ ነው። ወንዙ ጓዳልኪቪር ይባላል፤ ዐረብኛ የሚችል ሰው «ዋዲ አል ከቢር» የሚለውን ወዲያው ይሰማዋል፣ ትልቁ ወንዝ ማለት ነው። የሚያሻግራችሁ በ1852 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው የዳግማዊት ኢዛቤል የብረት ድልድይ ነው። ትሪያና የሸክላ ሠሪዎች፣ የመርከበኞችና የፍላሜንኮ ዘፋኞች ሰፈር ሆኖ የኖረ ነው። የከተማዋ ባለቀለም ሸክላ ጡብ ከዚህ ወጥቷል፤ ዛሬም የሱቆቹ ግንባር በዚያው ያጌጠ ነው።

እናቴን ያሳረፍኳት እዚህ ነው፤ ደግሜ ብሄድም እዚሁ ነኝ። ምክንያቱን ለመናገር ከድልድዩ ሥር ካለው ገበያ ልጀምር። የትሪያና ገበያ የቆመው በሳን ሆርሄ ግንብ ፍርስራሽ ላይ ነው፤ ግንቡ የሴቪያ ኢንኩዊዚሲዮን (መናፍቃን ናችሁ የተባሉ የሚመረመሩበት የካቶሊክ ፍርድ ቤት) መቀመጫ ነበር። ዛሬ በላዩ ላይ ቲማቲም፣ ዓሣ፣ ወይራ ይሸጣል፤ የየሻጩ ስም በሸክላ ጡብ ተጽፎ ከራሱ በላይ ተሰቅሏል። እናቴ ወይራ ሻጩ ዘንድ ቆመች። ሰውዬው ቀዳዳ ባለው ጭልፋ ከገንዳው አንዲት ወይራ አውጥቶ ዘረጋላት። እሷም በልታ ፍሬውን በመዳፏ ይዛ የት እንደምትጥለው ስትፈልግ፣ እሱ የራሱን እጅ ከሥር ዘርግቶ ተቀበላት። ቋንቋ አልነበራቸውም። በማግሥቱ እዚያው ካልሄድን አለች።

ማታ ማታ ሳን ሃሲንቶ የሚባለው መኪና የማይገባበት መንገድ በአያቶችና በልጆች ይሞላል። ሽማግሌዎቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ያወራሉ፤ እናቴም ከነሱ ጎን ተቀምጣ አላፊ አግዳሚውን ስታይ እንግድነት አልታየባትም። ሳንታ ክሩዝ ላይ እንዲህ ያለ ምሽት አላየሁም፤ እዚያ የሚቀመጠው ጎብኚ ብቻ ነው።

ጉድለቱንም ልናገር። ከድልድዩ እስከ ካቴድራሉ በእግር ከሩብ ሰዓት እስከ ሃያ ደቂቃ ይወስዳል፤ ድልድዩ ላይ ጥላ የለም። በሁዳዴ አየሩ ለስላሳ ስለነበር አልከበደንም፤ በሐምሌና በነሐሴ ቀትር ላይ ግን ትልቅ ሰው ይዞ መሻገር አይታሰብም፤ አውቶቡስ ወይም ታክሲ መያዝ ነው። ሁለተኛው የመንገድ ምርጫ ነው። ወንዙን ተከትሎ ያለው ቤቲስ የሚባለው መንገድ እይታው ያምራል፤ መጠጥ ቤቶቹ ግን ሌሊቱን አይተኙም። አንድ መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብላችሁ ፑሬሳ ላይ ወይም ከሱ ወዲያ ብትይዙ ወንዙን በሁለት ደቂቃ ትደርሱበታላችሁ፣ እንቅልፋችሁንም ታገኛላችሁ።

አላሜዳና የቀሩት

በነሐሴ ብቻዬን ስሄድ የያዝኩት አላሜዳ ዴ ኤርኩሌስ አጠገብ ነው። በ1574 እ.ኤ.አ. የተሠራ ረጅም አደባባይ ነው፤ በደቡብ ጫፉ ሁለት የሮማውያን ዓምዶች ቆመዋል፤ በአንዱ ላይ ሄርኩለስ፣ በሌላው ዩልዮስ ቄሣር። ወጣቱ፣ አርቲስቱ፣ ተማሪው የሚያመሸው እዚህ ነው። ሥጋና የእንስሳት ተዋጽኦ የሌለበት ምግብ የሚያቀርቡ ቤቶች በብዛት ያገኘሁትም በዚህ ሰፈር ነው። ዋጋው ከሳንታ ክሩዝ ይቀንሳል። ቅርብ ያለው የፌሪያ መንገድ ላይ ሐሙስ ሐሙስ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ገበያ ይቆማል፤ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የመጣ ነው።

እንቅልፍ ግን ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አትጠብቁ፤ በተለይ ክፍላችሁ ወደ አደባባዩ የሚያይ ከሆነ። ለብቻ ለሚሄድ ወይም ለወጣት ጓደኛሞች አላሜዳን እመርጣለሁ፤ ሕፃን ላለው ቤተሰብ አልመክርም።

አሬናል በካቴድራሉና በወንዙ መካከል ያለ ሰፈር ነው፤ ለሳንታ ክሩዝ ጥሩ ምትክ ይሆናል፤ ቅርበቱ ያው ነው፣ መኪናም ይገባበታል። ኔርቪዮን ዘመናዊ ነው፤ የሴቪያ ቡድን ስታዲየም ያለው እዚያ ነው፤ ሜትሮም አለው፤ ሰፊ ክፍል በተሻለ ዋጋ ይገኛል፤ ግን የሴቪያን ሽታ አታገኙበትም። ሌሊት ደርሶ ማለዳ ባቡር የሚይዝ ሰው ብቻ በሳንታ ሁስታ ጣቢያ አጠገብ ይደር።

ሆቴል፣ ኦስታል፣ አፓርታማ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአንዲት ቃል ነው። ስፔን ውስጥ «ኦስታል» የሚባለው ብዙ አልጋ በአንድ ክፍል የተደረደረበት ሆስቴል አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ በቤተሰብ የሚተዳደር፣ የራሱ ክፍልና ብዙ ጊዜም የራሱ መታጠቢያ ያለው ትንሽ ማረፊያ ነው፤ የኛን ደህና ፔንሲዮን አስቡት። በሩ ላይ ደረጃውን የሚያሳይ ሰማያዊ ሰሌዳ ይለጠፋል። ገንዘቡን ለሚቆጥብ፣ ግን ንጹሕ አልጋና የሚያናግረው ሰው ለሚፈልግ እንግዳ ከኦስታል የሚሻል አላየሁም። እናቴንም ያሳረፍኩት ኦስታል ነው፤ ባለቤቲቱ ቀትር ላይ መጋረጃውን ራሷ እየመጣች ትዘጋላት ነበር።

ክፍል ስትይዙ «ኢንቴሪዮር» ነው ወይስ «ኤክስቴሪዮር» የሚለውን እዩ። ኤክስቴሪዮር ወደ መንገድ የሚያይ ነው፤ ኢንቴሪዮር ወደ ግቢ። የሴቪያ የድሮ ቤት መካከሉ ላይ ሸክላ የተነጠፈበት፣ ተክል የበዛበት ግቢ አለው፤ ቤቱን የሚያቀዘቅዘው እሱ ነው። ሌላ አገር ሰው መስኮቱ ወደ መንገድ ካላየ ይከፋዋል፤ እዚህ ግን በሙቀቱ ወራት ወደ ግቢ የሚያየውን ያዙ። የግቢውን ፎቶ ሳታዩ ግን አትያዙ፤ አንዳንዱ ኢንቴሪዮር ግቢ ሳይሆን ጠባብ የአየር ማስገቢያ ጉድጓድ ነው። በጥር የምትሄዱ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፦ እነዚህ ቤቶች ለሙቀት እንጂ ለብርድ አልተሠሩም፤ የእብነ በረዱ ወለል ሌሊት ያንቀጠቅጣልና ማሞቂያ መኖሩን ጠይቁ።

አፓርታማ የሚያዋጣው አራትና ከዚያ በላይ ሆናችሁ፣ ወይም ራሳችሁ የምታበስሉ ከሆነ ነው። ሽሮና በርበሬ ይዞ መግባት ችግር የለውም። ቅቤ፣ አይብና ቋንጣ ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለግል ፍጆታ እንኳ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ኤርፖርት ላይ ይወሰድባችኋል። የብዙዎቹ ምድጃ ጠፍጣፋ መስታወት መሆኑንም አትርሱ፤ ታቹ ክብ የሆነ ጀበና አይቆምበትም።

የትም ብታርፉ ፓስፖርታችሁ ይመዘገባል፤ ከታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማረፊያዎች ከበፊቱ የበዛ የእንግዳ መረጃ እንዲያስተላልፉ ደንቡ ያስገድዳል። ስለዚህ አድራሻና ስልክ ቢጠይቋችሁ አትደንግጡ። ከአዲስ አበባ ቪዛ ጠይቃችሁ የምትመጡ ከሆነ ደግሞ ለማመልከቻው የምታያይዙት የመኝታ ማረጋገጫ ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ይሁን።

ባንኮኒ ላይ ወይስ ጠረጴዛ ይዞ

ሴቪያ ላይ አንዱ ምግብ በሦስት መጠን ይሸጣል፦ ታፓ (ትንሽ ሳህን)፣ ሜዲያ ራሲዮን (ግማሽ)፣ ራሲዮን (ሙሉ)። ብዙ ቤት ታፓውን የሚሸጠው ባንኮኒ ላይ ለቆመ ሰው ነው፤ ውጭ ጠረጴዛ ከያዛችሁ ከግማሽ ጀምሮ እዘዙ ትባላላችሁ፣ ዋጋውም ከፍ ሊል ይችላል። ግራናዳ ላይ መጠጥ ላዘዘ ታፓ በነፃ ይመጣል፤ እዚህ ግን ይከፈልበታል። አንድ ታፓ ከ3 እስከ 5 ዩሮ ያህል አስቡ፤ ለአንድ ሰው ሦስት ይበቃል።

ሁለትና ሦስት ሆናችሁ ከሄዳችሁ ባንኮኒው ይሻላል። እያንዳንዱን ሳህን እዚያው ታዩታላችሁ፤ ስሙን ባታውቁ በጣት ታሳያላችሁ፤ ሲያልቅ ወደ ቀጣዩ ቤት ትሄዳላችሁ። ኤል ሪንኮንሲዮ የሚባለው ቤት በ1670 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ነው፤ አስተናጋጆቹ ሒሳባችሁን እንጨቱ ባንኮኒ ላይ በጠመኔ ይጽፉታል፤ ስትከፍሉ በጨርቅ ይጠረጋል። ለዚያ ሲባል ብቻ አንድ ሳህን እዚያ ቆማችሁ ብሉ። መቆም ከማይችል ትልቅ ሰው ጋር ከሆናችሁ ግን ባንኮኒውን ተዉትና በሥራ ቀናት ምሳ ላይ «ሜኑ ዴል ዲያ» ፈልጉ፦ የመጀመሪያ ምግብ፣ ሁለተኛ ምግብ፣ ዳቦ፣ መጠጥ፣ መጨረሻ ላይ ጣፋጭ ወይም ቡና፤ ከ12 እስከ 16 ዩሮ ያህል። ከዚህ የተሻለ የዋጋና የጥጋብ ስምምነት የለም።

ዳቦና ደረቅ የዳቦ እንጨቶች ሳታዙ ይመጣሉ፤ ይቆጠርባችኋል። ጉርሻ ግዴታ አይደለም። የቧንቧ ውኃው ይጠጣል።

ቁርስ ቡና ቤት ውስጥ ብሉ፤ የሆቴሉን ቁርስ ጨምራችሁ አትክፈሉ። «ቶስታዳ ኮን ቶማቴ» ስትሉ የተጠበሰ ዳቦ፣ የተፈጨ ቲማቲምና የወይራ ዘይት ይመጣል፤ ከቡና ጋር ከ3 እስከ 5 ዩሮ ይሆናል። የኛን ማኪያቶ የለመደ ሰው «ኮርታዶ» ብሎ ይዘዝ፤ «ማንቻዶ» ካላችሁ ወተት ነው የሚመጣላችሁ።

ለጿሚ፣ አሳማ ለማይበላ

ለኛ ሰው ትልቁ ጥያቄ ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፈው። ስፔን የአሳማ አገር ናት። የሚያስቸግረው ደግሞ በግልጽ የሚታየው ሥጋ አይደለም፤ ሳይነገር የሚገባው ነው። «ሲን ካርኔ» (ያለ ሥጋ) ብላችሁ አዛችሁ ላዩ ላይ የተከተፈ ሃሞን (በጨው የደረቀ የአሳማ ጭን) ተነስንሶበት ሊመጣ ይችላል፤ ሃሞን ለብዙ ሰው እዚህ ከሥጋ አይቆጠርም፣ እንደ ቅመም ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ተናገሩ፦ «ሲን ካርኔ፣ ሲን ሃሞን»። ቀይ የሆነና ዳቦ ላይ የሚቀባ «ማንቴካ» የአሳማ ስብ ነው፤ ፖልቮሮንና ማንቴካዶ የሚባሉት የገና ብስኩቶችም በሱ ይሠራሉ። «ካሪያዳ» የሚባለው የጉንጭ ሥጋ ወጥ ብዙውን ጊዜ የአሳማ ነው፤ የበሬ ከፈለጋችሁ «ዴ ቴርኔራ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ኮላ ዴ ቶሮ» ግን የበሬ ጭራ ነው፤ ለረጅም ሰዓት በወይን የተቀቀለ፤ ለፍስክ ሰው ከሴቪያ ሥጋዎች ሁሉ የምመርጠው እሱን ነው። ሐላል ለሚበላ ሙስሊም ግን ወይኑም አርዱም ስላለ ዓሣና አትክልት ላይ መጽናት ይሻላል።

ጾም ላይ ደግሞ ከተማዋ ትደግፋችኋለች። ካቶሊኮቹም በሁዳዴያቸው የሚበሉት የድሮ ምግብ አላቸውና። «ኤስፒናካስ ኮን ጋርባንሶስ» የሚባለው ስፒናችና ሽምብራ ነው፦ ነጭ ሽንኩርት፣ ከሙን፣ ጣፋጭ በርበሬ፣ የተጠበሰ ዳቦ ተፈጭቶ ያወፍረዋል፣ ሁሉም በወይራ ዘይት። ትሪያና ውስጥ አንዲት ጠባብ ቤት ገብተን በሸክላ ሳህን ሲመጣ እናቴ መጀመሪያ አሸተተችው። በዳቦ ቆረስ አድርጋ ቀመሰችና «ይሄማ የኛው ነው፤ ጨው ብቻ አንሶታል» አለች። የኛን ያስመሰለባት ከሙኑ ነው። በአራት ቀን ስድስት ጊዜ በላነው።

ሌላም አለ። «ቤሬንሄናስ ኮን ሚኤል» በሸንኮራ ማር የሚቀርብ የተጠበሰ ባዶንጃን ነው። «ጋስፓቾ» የቀዘቀዘ የቲማቲም መጠጥ ነው፤ በነሐሴ በፍልሰታ ጾም ያኖረኝ እሱ ነው። «ሳልሞሬሆ» ከጋስፓቾ ወፈር ያለ ነው፤ ላዩ ላይ እንቁላልና ሃሞን ስለሚደረግበት «ሲን ዌቮ፣ ሲን ሃሞን» ማለት አትርሱ። «ፓፓስ አሊኛስ» በዘይትና በኮምጣጤ የታሸ ድንች ነው፤ ቱናና እንቁላል ሊኖረው ይችላልና ጠይቁ። ዓሣ በጾም የሚበላ ሰው ደግሞ «ካሶን ኤን አዶቦ»ን አይለፍ፤ በኮምጣጤና በከሙን ተዘፍዝፎ የተጠበሰ የትንሽ ሻርክ ሥጋ ነው። ነገሩን ለማሳጠር «ሶይ ቬጋኖ» (ሴት ከሆናችሁ «ሶይ ቬጋና») ብትሉ ይገባቸዋል፤ በተለይ አላሜዳ አካባቢ።

እናቴን ከሁሉ በላይ ያስደሰታት ግን ሰዓቱ ነው። እሷ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም። እኔ በምኖርበት ጀርመን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የምሳው ወጥ ቤት ብዙ ጊዜ ተዘግቷል፤ ተርባ እያየሁ ዳቦ ፍለጋ የዞርንበት ቀን አለ። ሴቪያ ላይ ዘጠኝ ሰዓት የምሳው ሙሉ ሰዓት ነው! ጠረጴዛው ሞልቶ፣ ሰው እየሳቀ፣ ምግቡ ትኩስ እየወጣ ትደርሳላችሁ። ከዘጠኝ ተኩል በፊት መግባት ብቻ ነው።

ለመንገድ «ቶርታስ ዴ አሴይቴ» ግዙ። በወይራ ዘይት፣ በሰሊጥና በአኒስ የተጋገረ ስስ ቂጣ ነው፤ ኢኔስ ሮሳሌስ የሚባለው ከ1910 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው እያንዳንዱ በስስ ወረቀት ተጠቅልሎ በየሱፐርማርኬቱ ይሸጣል፤ የጾም ነው። የሳን ሌአንድሮ ገዳም መነኮሳት የሚሸጡት «ዬማ» ግን የእንቁላል አስኳል ነው፤ ለፍስክ አቆዩት። ገዳሙ ውስጥ ሻጭዋን አታዩም፤ ገንዘቡን በሚሽከረከር የእንጨት ሣጥን ታስገባላችሁ፣ ሣጥኑ ይዞራል፣ ጣፋጩ ይወጣል።

መቼ፣ በምን ቅደም ተከተል

በሕማማታቸው ሳምንት (ሴማና ሳንታ) እና ከዚያ ሳምንት ሁለት ሳምንት ቆይቶ በሚመጣው የፌሪያ በዓል የመኝታ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል። የነሱና የኛ ፋሲካ አንዳንዴ አብሮ ይውላል፤ በ2025 እ.ኤ.አ. ገጥሟል፤ በማይገጥምበት ዓመት ግን በኛ ሁዳዴ ውስጥ ከነሱ ግርግር ውጭ የሆነ ሳምንት ይገኛልና እሱን ፈልጉ። በየካቲት የሚሮጠው የሴቪያ ማራቶንም መኝታ ያስወድዳል። መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ልጆቻችን ይወዱታል፤ በ2024 ደሬሳ ገለታ 2:03:27 ገብቶ አሸንፎበታል። በሐምሌና በነሐሴ ከ40 ዲግሪ በላይ ተራ ነገር ነው፤ ከተማዋ ለሙቀት ማዕበል እንደ አውሎ ነፋስ ስም እስከ ማውጣት ደርሳለች፤ በ2022 የመጀመሪያው «ዞዬ» ተብሏል። በነሐሴ ብዙ የሰፈር ምግብ ቤቶች ለዕረፍት ይዘጋሉ። ጥቅምትና ኅዳር ለኔ ከሁሉ የተሻሉ ናቸው።

ከማድሪድ የምትመጡ በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ መስመሩ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። ትኬቱን በሳምንታት ቀደም ብላችሁ ከያዛችሁ ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ከመንግሥቱ የባቡር ድርጅት ከሬንፌ ሌላ ኢርዮና ዊጎ የሚባሉ ድርጅቶችም ስላሉ ሦስቱን አወዳድሩ።

መኝታውን በያዛችሁበት ቀን የአልካሳርን ትኬትም ያዙ፤ በሰዓት የተወሰነ ስለሆነ ያልቃል። የምመክረው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል የሚገባውን የመጀመሪያውን ነው። ፀሐዩ ሳይጠነክር የአትክልት ቦታውን ትጨርሳላችሁ፤ ከዚያ ካቴድራሉን አይታችሁ ሂራልዳ ላይ ወጥታችሁ ስትወርዱ ሰባት ሰዓት አልፏል። በድልድዩ በኩል ወደ ትሪያና ቀስ ብላችሁ ከተሻገራችሁ ወጥ ቤቶቹ በራቸውን ሲከፍቱ ትደርሳላችሁ።